የዳሱ ገመድ

ለሰርግ ስንዘጋጅ ለቬሎው፣ ለመኪናው፣ ለቪዲዮው ወራት እንጨነቃለን። ከቤት ወደ ዳስ ለሚዘረጋው የመብራት ገመድ ግን ሩብ ሰዓት አንሰጥም። የወንድሜ ሰርግ ዋዜማ መርሳ ላይ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ያለ የሚያዝያ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ። መርሳ ከተማ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ዳሶች ጎን ለጎን ተጥለዋል። የወሎን ሰርግ የሚያውቅ ለምን ሁለት እንደሆኑ አይጠይቅም፤ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለሙስሊሙ ጎረቤት ነው። ማዕዱ ይለያያል እንጂ ጨዋታውም ምርቃቱም አንድ ነው። ድንኳኖቹ የቅሬያችን ናቸው፤ አዲስ አበባ ዕድር የምንለውን እኛ አገር ቅሬ እንለዋለን። ቋሚያቸው ብረት፣ ማገራቸው ብረት፣ ከላይ ሸራ። ቀኑን ሙሉ ሲያስፈራራን የዋለው የበልግ ዝናብ ለግማሽ ሰዓት ወርዶ አባርቷል። መሬቱ ረስርሷል።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት የሰርጉን ወጪ በኤክሴል አዘጋጅቼ፣ አታምኑኝም፣ እስከ ጥርስ መፋቂያው ድረስ ዘርዝሬ ነው። በዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ «የመብራት ገመድ» የሚል መስመር አልነበረም። ገመዱ እንደ ድሮው ከሳሎን ሶኬት ተነሥቶ፣ በመስኮት ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ የመጀመሪያው ዳስ ቋሚ ላይ የታሰረ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። ከዚያ ሌላ ገመድ ተቀጥሎ ወደ ሁለተኛው ዳስ ሄዷል። በዳሶቹ መካከል ሴቶቹ የቀረውን እንጀራ የሚጨርሱበት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ለስላሳ መጠጥ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ፣ ውኃ የሚያፈላ ማንቆርቆሪያ፣ በየማገሩ የተንጠለጠሉ አምፖሎች፣ ከሙዚቃ ባለሙያው ጋር የመጡ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮችም አሉ። ሁሉም በዚያች በአንዲት ገመድ ላይ።

ምልክት አልታየም ማለት አልችልም። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሎቹ ፈዘዝ ይሉ ነበር፤ «ኃይል ቀንሷል» ተባባልን። ገመዱን የረገጠች የጎረቤት ልጅ «ይሞቃል እኮ» አለች፤ ፀሐይ መስሎን አለፍነው። በመጨረሻ የስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ እጁን እያራገፈ መጣና «ብረቱ ነከሰኝ» አለ። ሳቅን። አንዷ «አብሽር!» ብላ ቁራሽ ዳቦ አስያዘችው። ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም። አክስቴ በባዶ እግሯ፣ በአንድ እጇ የውኃ ባልዲ ይዛ፣ ከጭቃው ላይ እንዳትንሸራተት በሌላው እጇ የዳሱን ቋሚ ያዝ አደረገች። ድምፅዋን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ባልዲው ወደቀ፤ እሷም ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ወደቀች። የጣላት መውደቁ ነው ያዳናት፤ እጇ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። አባቴ ሮጦ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር አወረደ። ግቢው ጨለማና ዝምታ ሆነ።

አክስቴ ክንዷ ተልጦ፣ ልቧ እየመታ፣ ሐኪም አይቷት በዚያው ምሽት ተመለሰች። ሰርጉም በማግስቱ ተደገሰ። እኔ ግን የዚያን ሌሊት ከሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ጋር ገመድ ስጠቀልልና ስፈታ ነው ያነጋሁት። የተማርኩትን ለእናንተ ላካፍል።

ብረቱ ለምን ነከሰ?

ኤሌክትሪሺያኑ ባትሪውን አብርቶ ገመዱን ከመስኮቱ ጀምሮ እየዳሰሰ ሄደና የመጀመሪያው ዳስ ቋሚ ሥር ቆመ። ድንኳኑ ሲተከል የብረቱ እግር ገመዱ ላይ አርፏል። ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ ነፋስ ሸራውን ሲነቀንቅ፣ ብረቱ የገመዱን ልባስ ቀስ በቀስ በልቶታል። በመጨረሻ ውስጡ ያለው ፌዝ ከብረቱ ጋር ተገናኝቷል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መላው የዳስ አጥንት 220 ቮልት ተሸክሞ ቆሞ ነበር።

ታዲያ ከሰዓት በፊት ስንት ሰው ተደግፎበት ምንም ያልሆነው ለምንድን ነው? መሬቱ ደረቅ ነበር፣ አብዛኛው ሰውም ጫማ አድርጎ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ መሬቱ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ከፈተለት። አክስቴ በባዶ እግሯ፣ በእርጥብ እጇ ያንን መንገድ ዘጋችው።

እኔን ያስገረመኝ ሌላው ነገር ብሬከሩ ዝም ማለቱ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ያስረዳኝ እንዲህ ነው፦ ብሬከር የተሠራው ለገመዱ እንጂ ለሰው አይደለም። ባለ 16 አምፔር ብሬከር የሚወርደው ገመዱ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ወይም ሽቦና ሽቦ ሲጋጭ ነው። ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ይበቃል። ከ10 ሚሊ አምፔር ገደማ ጀምሮ ጡንቻ ይኮማተርና የያዙትን መልቀቅ ያቅታል፤ ከ30 ሚሊ አምፔር ካለፈ ደግሞ ለትንፋሽና ለልብ አስጊ ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከዚህ ከ500 እጥፍ በላይ እያለፈ እንኳ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሎ ያያል።

ሰውን የሚጠብቀው መሣሪያ ሌላ ነው። ኤሌክትሪሺያኖች አርሲዲ ወይም አርሲሲቢ ይሉታል፤ ኢኤልሲቢ ብለው የሚጠሩትም አሉ። አሠራሩን ለመረዳት የቅሬያችንን ዕቃ ያዥ ያስቧት። ሳህን ከዕቃ ቤት ሲወጣ ትቆጥራለች፣ ሲመለስም ትቆጥራለች። መቶ ወጥቶ ዘጠና ዘጠኝ ከተመለሰ በሩን ትዘጋለች። አርሲዲም እንዲሁ በፌዝ የወጣው ኤሌክትሪክ በኒውትራል መመለሱን ይቆጥራል። ልዩነት ካየ አንድ ቦታ፣ ምናልባትም በሰው አካል በኩል፣ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ለሰው ጥበቃ የሚመረጠው 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ሲሆን፣ ከሰከንድ ትንሽ ክፋይ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያጠፋል።

ሁለተኛው ጠባቂ ኧርዝ ነው፤ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ሦስተኛው ሽቦ። የእኛ ገመድ ሁለት ሽቦ ብቻ ነበረው። የዳሱ ብረት በትክክል ከተሠራ ኧርዝ ጋር ተያይዞ፣ ከላይ አርሲዲ ቢኖር ኖሮ፣ ገመዱ በተበላባት ቅጽበት፣ ልጁም አክስቴም ሳይነኩት፣ መብራቱ በራሱ ይጠፋ ነበር። አርሲዲ ብቻውን ቢሆን ሰው ሲነካው ያጠፋል፤ ከኧርዝ ጋር ሲሆን ግን ሰው እስኪነካው አይጠብቅም።

በመኪና የሚጎተተው ቤት

ከእኛ ጋር ያመሸው የአጎቴ ልጅ ለሰርጉ ከጀርመን የመጣ ነው። እዚያ አገር ቤተሰቡን ይዞ ለዕረፍት የሚወጣው በመኪና በሚጎተት ትንሽ ቤት ነው፤ ካራቫን ይሉታል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ አምፖል ያለው፣ ጎማ ላይ የተቀመጠ ክፍል ነው። ሐይቅ ዳር ወይም ጫካ አጠገብ በተዘጋጀ የካምፕ ሜዳ ይቆማል፤ ከሜዳው ላይ ካለ አጭር የመብራት ምሰሶም በገመድ ኤሌክትሪክ ይወስዳል።

«ይኼ ዳስ እኮ ካራቫን ነው» አለ የተላጠውን ገመድ እያየ። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ፤ ሳስበው ግን እውነት ነው። ሁለቱም ጊዜያዊ ቤቶች ናቸው። ሁለቱም ሣር ወይም ጭቃ ላይ ይቆማሉ፣ ዝናብ ያገኛቸዋል፣ ልጆች በዙሪያቸው ይሮጣሉ። ሁለቱም የራሳቸው መብራት የላቸውም፤ ከሌላ ቦታ በገመድ ይበደራሉ። ልዩነቱ እዚያ ለዚያች ገመድ ደንብ ያላት መሆኑ ነው።

ደንቡን ሲነግረን ኤሌክትሪሺያኑ እያንዳንዱን በጭንቅላቱ ያጸድቅ ነበር። ገመዱ ሦስት ሽቦ ያለው፣ ውፍረቱ 2.5 የሆነ፣ ለውጭ የተሠራ ወፍራም ጎማ የለበሰ ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 25 ሜትር ነው። መሰኪያው ሰማያዊ፣ ሦስት ክብ እግር ያለው፣ ክዳን ያለውና 16 አምፔር የሚችል ነው። በካራቫኑ ውስጥ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲና ብሬከሮች አሉ። የካምፕ ሜዳው ምሰሶ ሁልጊዜ 16 አምፔር አይሰጥም፤ 10 ወይም 6 አምፔር ብቻ የሚሰጡም አሉና ሰዎቹ ማንቆርቆሪያውን ከመሰካታቸው በፊት ምሰሶው ላይ የተጻፈውን ያነባሉ።

አሰካኩም ተራ አለው። መጀመሪያ የካራቫኑ ዋና ማጥፊያ ይጠፋል። ቀጥሎ ገመዱ ካራቫኑ ላይ ይሰካል፤ ምሰሶው ላይ የሚሰካው በመጨረሻ ነው። ሲነቀል ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ መጀመሪያ ከምሰሶው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ገመድ ጫፉ ክፍት ሆኖ እርጥብ ሣር ላይ እንዳይጎተት። እኛ ጠዋት ያደረግነው በትክክል የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ ሳሎን ሰክተን፣ ሌላኛውን ጫፍ በግቢው ላይ እየጎተትን ዳስ ፍለጋ ሄድን።

አንድ ምጣድ ማለት አንድ ካራቫን ነው

ዋትን ለ220 ስናካፍል አምፔር እናገኛለን። ሒሳቡ ይኸው ብቻ ነው። ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ይወስዳል። የአጎቴ ልጅ ሙሉ ቤተሰቡን ይዞ አንድ ሳምንት የሚያሳልፍበት ካራቫን ከምሰሶው የሚፈቀድለት ትልቁ መጠን፣ እኛ ግቢ አንዲት ምጣድ ብቻዋን ትጨርሰዋለች!

የቀረውን እንደምር። ማንቆርቆሪያው 2,000 ዋት፣ ማለት 9 አምፔር ነው። ፍሪጁ ሲሠራ 200 ዋት ቢሆን አንድ አምፔር አይሞላም። ሃያ ኤልኢዲ አምፖሎች፣ እያንዳንዳቸው 10 ዋት ቢሆኑ፣ በድምሩ ሌላ 200 ዋት ናቸው። ስፒከሮቹን ሳንቆጥር ወደ 6,000 ዋት፣ ማለት 27 አምፔር ያህል በአንድ የቤት ገመድ ላይ ጭነን ነበር። ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን የወሰዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ምጣዱና ማንቆርቆሪያው። ዳስ የሚያደምቀው መብራትና ሙዚቃ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ የሚሞቅ ነገር ሁሉ ነው። ምጣድ፣ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ካውያ። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔያችን ምጣዱን ከዳስ ማውጣት ሆነ። ወደ ቤት ገብቶ የራሱ መስመር ባለው ሶኬት ላይ ተሰካ፤ ውኃው በከሰል ፈላ።

የአምፖሎቹ መፍዘዝም የኃይል መቀነስ ብቻ አልነበረም። ገመድ ሲረዝምና ሲቀጥን ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 1.5 የመዳብ ገመድ 50 ሜትር ተዘርግቶ 16 አምፔር ቢያልፍበት 19 ቮልት ያህል ይባክናል። የባከነው ይጠፋል ማለት አይደለም፤ 300 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ ገመዱ ውስጥ ይቀመጣል። ባለ 2.5 ቢሆን የሚባክነው ወደ 12 ቮልት ይወርዳል። የጎረቤት ልጅ በእግሯ የለካችው ይህንን ሙቀት ነበር።

እዚህ ላይ በብዙ ቤት የማየው ስሕተት አለ። የተረፈውን ገመድ ለጥንቃቄ ብለን ጠቅልለን እናስቀምጠዋለን። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱ መውጫ የለውም። በጥቅል የሚሸጡትን ገመዶች ጽሑፍ ብታነቡ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ተዘርግቶ 3,000 ዋት የሚችለው ጥቅል፣ ሳይፈታ 1,000 ዋት ገደማ ብቻ ይፈቀድለታል። ገመዱን እስከ መጨረሻው ፈትቶ ግድግዳ ጥግ ዘርጋ አድርጎ መተው ይሻላል።

«መብራት ካለ ይበቃናል»

ይህን ሁሉ ስንሠራ አባቴ አንድ ነገር ተናገረ። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በመጣባቸው ወራት መርሳም ወልድያም ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ስልክ የለም፣ ወፍጮ የለም፣ መብራት የለም። ያን ጊዜ ያየ ሰው አምፖል ሲበራ «ተመስገን» ይላል እንጂ የገመዱን ውፍረት አይጠይቅም። የተቀጠለ በጥቁር ፕላስተር እየተጠቀለለ፣ የተበጠሰ እየተገጣጠመ፣ እንደምንም ማብራትን ለምደናል። መብራት ካለ ይበቃናል።

አባቴን እረዳዋለሁ። ነገር ግን «እንደምንም» የሚባለው ነገር በእንግዳ ላይ ሲሆን ትርጉሙ ይለወጣል። በቤታችን የተበላሸውን ሶኬት እኛ እናውቀዋለን፤ አንነካውም። ዳስ ውስጥ ግን ሦስት መቶ የማያውቁ ሰዎች ይገባሉ። ከጊራና፣ ከውርጌሳ፣ ከሲሪንቃ የመጡ አዛውንቶች ብረቱን ይደገፋሉ፤ ልጆች ይንጠለጠሉበታል። እንግዳ ማክበር ከወጡ ጋር የሚደገፉትንም ብረት ይጨምራል።

ጄነሬተር ይህን ሁሉ ያስቀራል የሚሉ ይኖራሉ። አያስቀርም፤ የራሱ ጣጣም አለው። ጄነሬተር ከዳስ ውጭ፣ ራቅ ብሎ፣ ጭሱ ወደ ሰው በማይነፍስበት በኩል መቆም አለበት፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደሚቀጣጠል ከሰል ሳይታወቅ ይገድላል። ነዳጅ የሚጨመረውም ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ ሠርቶ ጄነሬተሩን በቤት ሶኬት በኩል ማስገባት ነው። መብራት ጠፍቶ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ የእኛ ጄነሬተር በመስመሩ በላከው ኤሌክትሪክ ሊሞት ይችላል።

አንዱን ዳስ ከእኛ ቤት፣ ሌላውን ከጎረቤት ቆጣሪ ማብራትም የተለመደ ነው። ጭነቱን ያካፍላል፤ ይሁንና ሁለቱ ቤቶች የተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው 220 ሳይሆን 380 ቮልት ነው። ስለዚህ የሁለቱ ቤት ገመዶች በአንድ ዲቫይደር፣ በአንድ ቋሚ ላይ አይገናኙ። ከምሰሶ ላይ በቀጥታ መቀጠል ደግሞ ወንጀልም ሞትም ነው። ጭነቱ ከቤቱ አቅም በላይ ከሆነ በአቅራቢያ ያለውን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ቀደም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የሰርጉ ምሽት

እሑድ ጠዋት ሱቆች እንደተከፈቱ የአጎቴ ልጅና ኤሌክትሪሺያኑ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ወልድያ ሄደው የሚያስፈልገውን ይዘው መጡ። ባለ 2.5 ሦስት ሽቦ ገመድ፣ አንድ አርሲዲ፣ ሦስት ትንንሽ ብሬከሮች፣ ክዳን ያላቸው ሶኬቶች፣ ሁሉን የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥን። ኤሌክትሪሺያኑ ሳጥኑን ከዳሱ ውጭ ባለ እንጨት ላይ፣ በልጅ ቁመት ከማይደረስበት ቦታ ሰቀለው። ለመብራት አንድ መስመር፣ ለሙዚቃ አንድ፣ ለፍሪጅ አንድ። የኧርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ ተለክቶ፣ ከዳሶቹ ብረት ጋር ተያያዘ። ገመዱ ከሰው ራስ በላይ በእንጨት ቋሚዎች ላይ ተሳበ። ከዚያ ልጆቹን ሰብስቦ አርሲዲው ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫናት። ጧ! ብሎ ጠፋ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ወጪውን ደመርኩት፤ ለፎቶና ለቪዲዮ ከከፈልነው በብዙ ያንሳል።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ ገብተው፣ እስክስታው ሞቆ፣ ዳሱ በድንገት ጨለመ። «ኧረ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ አንዳንዱም መብራት ኃይልን ረገመ። ጎረቤት ቤቶች ግን መብራታቸው እንደበራ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሮጦ ሄዶ ያገኘው፣ ሙዚቃ ባለሙያው ያለ ፈቃድ መሬት ላይ ባስቀመጠው ዲቫይደር ላይ አንድ ብርጭቆ ጠላ ተደፍቷል። አጠገቡ ሁለት ልጆች በባዶ እግራቸው ይጨፍራሉ። ዲቫይደሩ ተነቀለ፣ መብራቱ ተመለሰ። በሙሉ አራት ደቂቃ ወሰደ።

አክስቴን ፈለግኋት። የተጠቀለለ ክንዷን አንሥታ እልል እያለች ነበር።

ከዳሱ በፊት ይህን ይመልከቱ

• የሚሰኩትን ዕቃዎች ዋት ይደምሩ፣ ለ220 ያካፍሉ። ድምሩ ከገመዱና ከብሬከሩ አምፔር በታች ይሁን። የሚሞቁ ዕቃዎችን ከዳስ ያውጡ።

• ገመዱ ሦስት ሽቦ ያለው፣ ባለ 2.5፣ ቅጥያ የሌለው ይሁን። እስከ መጨረሻው ይፍቱት።

• 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ያስገጥሙ፤ በየቀኑ ጠዋት የመሞከሪያ ቁልፉን ይጫኑ። ካላጠፋ አይጠቀሙበት።

• ኧርዙንና የዳሱን ብረት ማያያዝ ለባለሙያ ይተዉ፤ በቴስተርና በመለኪያ ያረጋግጥ።

• ገመድ በብረት እግር፣ በሚስማር፣ በበር ሥር አይለፍ። ከመሬት ከፍ ብሎ ይሳብ፤ በተሽከርካሪ መግቢያ በኩል አይለፍ።

• መገጣጠሚያውን በፌስታል አይጠቅልሉ፤ ውኃ ገብቶ ይጠራቀምበታል። ከፍ ያድርጉት፤ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ይበል፣ ዝናቡ እዚያ ይንጠባጠባል።

• ሲሰኩ መጀመሪያ የዳሱን ጫፍ፣ በመጨረሻ የቤቱን። ሲነቅሉ መጀመሪያ የቤቱን።

• ዋናው ማጥፊያ የት እንደሆነ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ይወቁ። ሰው ከተያዘ አይንኩት፤ መጀመሪያ ያጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ያላቅቁት። የማይተነፍስ ከሆነ የሠለጠነ ሰው ደረቱን እየተጫነ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ደህና የሚመስልም ቢሆን ሐኪም ይየው።

• ልጅ «ነዘረኝ» ካለ አይሳቁ። ያጥፉና ይፈልጉ።

የመጨረሻውን ነጥብ የጻፍኩት ለራሴ ነው።

ሳጥኑን ምን እናድርገው?

ሰኞ ዳሱ ሲፈርስ ሳጥኑና ገመዱ በረንዳ ላይ ቀሩ። ወንድሜ «ወስደሽ ሽጪው» አለኝ። አባቴ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ቅሬያችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት፣ ሳህን፣ ጭልፋ አለው። እነዚህን ዕቃዎች በየተራ ለደስታም ለሐዘንም እንወስዳለን። ሐዘን ደግሞ ወቅት አይመርጥም፤ በሐምሌ ዝናብ፣ ጭቃ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት በርቶ ሰው የሚያድርበት ድንኳን ከሰርጉ ዳስ የበለጠ አስጊ ነው። በዚያን ሰዓት ደግሞ የገመድ ውፍረት የሚጠይቅ ልብ ያለው ሰው የለም።

ስለዚህ ሳጥኑ ለቅሬው ተሰጠ። ኤሌክትሪሺያኑ በየጊዜው ሊፈትሸው ቃል ገባ። ዕቃ ያዧ ደብተሯን አውጥታ፣ ከብረት ድስቱና ከሳህኖቹ ቀጥሎ «የመብራት ሣጥን ከነገመዱ፣ 1» ብላ መዘገበችው። ተበዳሪው ሲመልሰው እንደ ሳህን ተቆጥሮ፣ የመሞከሪያ ቁልፉ ተጭኖ እንዲገባ ተወሰነ።

ውድ አንባቢያን፣ የእናንተ ዕድር ወይም ቅሬ ስንት ድስት እንዳለው ታውቁ ይሆናል። በሚቀጥለው ስብሰባ የመብራቱን ሳጥን ጠይቁ። ከሌለ የአንድ ድግስ ትርፍ መዋጮ ይገዛዋል። እኔም በኤክሴሌ ላይ አዲስ መስመር ጨምሬያለሁ። ከሁሉ በላይ፣ ከቬሎው ቀድሞ ነው የተቀመጠው።